በዶሃ ክረምት ሜዳውን ማቋረጥ

የትምህርት ዘመኑ አብቅቶ የፈተናው ጭንቀት ሲያልፍ፣ በዶሃና በአካባቢዋ በልዩ ልዩ የትምህርት ተቋሞች የምንገኝ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ከሁለት እንከፈላለን። ከፊላችን ወደ አገር ቤት እንሳፈራለን፤ ከፊላችን ደግሞ በገንዘብ እጥረት፣ በሥራ ወይም በምርምር ምክንያት እዚሁ እንቀራለን። በሚቀረው ወገን ዘንድ በየዓመቱ አንድ ሐሳብ ይነሣል፤ ይኸውም መኪና ተከራይቶ የኳታርን ሜዳ ከዳር እስከ ዳር መዞር ነው። ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ከቤተ መጻሕፍት ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ ቤተ መጻሕፍት እየተመላለሱ አራት ዓመት መጨረስ የኖሩበትን አገር ሳያውቁ መመረቅ ስለሆነ፣ እንዲያውም ጉዞውን የምንደግፈው ነው።

ይሁን እንጂ «ክረምት» የሚለው ቃላችን እዚህ ያታልላል። በአገራችን ክረምት ሲባል ዝናብ፣ ጭጋግ፣ ጭቃና ብርድ ነው፤ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ቆሎ እየቆረጠመ ከእሳት ዳር የሚቀመጥበት ወራት ነው። በዶሃ ግን ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ የዓመቱ ነበልባል ናቸው። ከደጋ የመጣ አዲስ ተማሪ ይህን በጆሮው ቢሰማም በሰውነቱ እስኪያውቀው ድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ አደጋ የሚደርሰውም በዚህ መካከል ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ለማስረዳት እንሞክራለን። አንደኛ፣ ይህ ሜዳ ምን ዓይነት ምድር እንደሆነና መንገዶቹ ወዴት እንደሚያደርሱ፤ ሁለተኛ፣ ሙቀቱ በሰው አካል ላይ እንዴት እንደሚሠራና ተጓዥ ምን ማድረግ እንዳለበት፤ ሦስተኛ፣ በዚያው መንገድ ላይ ውለው የሚሠሩትን በሚመለከት ምን ማወቅ እንደሚገባን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን እንደ አገራችን አቆጣጠር ናቸው።

ሜዳው ምንድን ነው?

ኳታር ከዐረብ ምድር ወደ ባሕረ ሰላጤው እንደ አውራ ጣት የወጣች ልሳነ ምድር ናት። ስፋቷ ወደ 11,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከደቡብ እስከ ሰሜን ርዝመቷ ወደ 160 ኪሎ ሜትር፣ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ወርዷ ከ80 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሦስት ወገን ባሕር ይከባታል፤ የየብስ ወሰን ያላት ከሳዑዲ ዐረቢያ ጋር ብቻ ነው። ከፍተኛው ቦታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 103 ሜትር ያህል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚነሣው ከእንጦጦ ሥር ላደገ ሰው ይህ ኮረብታም አይባልም።

በካናዳ የሚገኙ ወገኖቻችን ከዊኒፔግ እስከ ካልጋሪ ያለውን የሣር ሜዳ በመኪና ለማቋረጥ ወደ 1,300 ኪሎ ሜትር መንዳት አለባቸው። እኛ ከዶሃ ተነሥተን በስተምዕራብ ከባሕር እስከ ባሕር ለመድረስ የሚያስፈልገን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አስፋልቱም እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ነው። ይህ ቅርበት ነው ብዙዎችን የሚያዘናጋው። በዚያ ተጓዡን የሚፈታተነው ርቀት ነው፤ እዚህ የሚፈታተነው ሰዓት ነው።

ብዙ ሰው በረሃ ሲባል የአሸዋ ተራራ ብቻ ይመስለዋል። የኳታር መሬት አብዛኛው ግን በኖራ ድንጋይ ላይ የተነጠፈ ጠጠራማ ሜዳ ነው፤ ከፍ ከፍ ያለው የአሸዋ ክምር የሚገኘው በተለይ በደቡብ ምሥራቅ ነው። በሜዳው መካከል እዚህም እዚያም ዝቅ ያሉ ጎድጓዳ ቦታዎች አሉ፤ በዐረብኛ «ረውዳ» ይባላሉ። ዝናብ በዘነበ ጊዜ ውኃው ደቃቅ አፈር ይዞ ወደ እነዚህ ይወርዳል፤ ሣርና ዛፍ የሚበቅለውም እዚያ ነው። በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ 80 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ይኸውም ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት በጥቂት ቀኖች ስለሚወርድ፣ ሜዳው የሚለመልመው ለጥቂት ሳምንታት ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ እንደምታገኝ ስናስብ ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። በአገሩ አንድም ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም፤ በከተማው የምንጠጣው ውኃም በአመዛኙ ከባሕር ጨውን አጥልሎ የተገኘ ነው።

በእነዚህ ጎድጓዳ ቦታዎች ከሚበቅሉት ዛፎች ሁለቱ ለእኛ እንግዳ አይደሉም። አንደኛው ግራር ነው፤ በስምጥ ሸለቆአችን የምናውቀው ዓይነት ግራር እዚህም አለ። ሁለተኛው «ሲድራ» የሚሉት ነው። የትምህርት ከተማውን የመሠረተው የኳታር ፋውንዴሽን ምልክቱ ያደረገው ይህ ዛፍ ሌላ ሳይሆን የእኛ ቁርቁራ ነው። በየቀኑ በበሩ እያለፍን ስንቶቻችን ይህን ልብ ብለናል?

የዚህ አገር የጥንት ሰዎች ይህን መሬት በወቅቱ ነበር የሚጠቀሙበት። ዝናብ በዘነበበት የብርድ ወራት ግመሎቻቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ሜዳ ይዘልቃሉ፤ ሙቀቱ ሲከር ወደ ጉድጓድ ውኃና ወደ ባሕር ዳር ይሰበሰባሉ፤ ብዙዎቹም በእነዚህ ወራት ሉል ለማውጣት በጀልባ ወደ ባሕር ይወጣሉ። አሁንም ቢሆን የአገሩ ተወላጆች በሜዳው ድንኳን ተክለው የሚሰነብቱት በብርዱ ወራት ነው። እንግዲህ እኛ በዕረፍታችን ምክንያት ሜዳውን ለማየት የምንመርጠው ጊዜ ባለቤቶቹ ራሳቸው የሚርቁበት ጊዜ መሆኑን አስቀድመን ማወቅ ይገባናል።

ሦስቱ መንገዶች

ወደ ሰሜን። የሸማል አውራ ጎዳና ከዶሃ ተነሥቶ በኡም ሰላል በኩል እስከ ሩዌስ ወደብ ይዘልቃል። ከዶሃ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አልኾር የቀድሞ ዓሣ አጥማጆችና ሉል ጠላቂዎች መንደር ነበረች፤ በአጠገቧ በዘላኖች ድንኳን አምሳል የተሠራው የአልበይት ስታዲየም ይገኛል። የ2022 የዓለም ዋንጫ የተከፈተው እዚህ ነው። ይህ ውድድር እንደ ልማዱ በሰኔና በሐምሌ ሳይሆን በኅዳርና በታኅሣሥ የተደረገው በሙቀቱ ምክንያት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ሲታጠፉ አልዙባራ ይደረሳል። በ18ኛው መቶ ዓመት በሉልና በንግድ የበለጸገች ከተማ ነበረች፤ በ1811 ተቃጠለች፤ ከዚያ በኋላ ብታንሰራራም የቀድሞ ክብሯን ሳታገኝ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሰው ተለያት። ዩኔስኮ በ2013 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ዛሬ ጎብኚ ሁሉ ፎቶግራፍ የሚነሣበት ምሽግ ግን ከከተማዋ ጋር የተሠራ ሳይሆን በ1938 የቆመ ነው። ከአልዙባራ የምንማረው ዋና ነገር አንድ ነው፤ የባሕር ዳር ከተማ ብትሆንም ሕይወቷ የተንጠለጠለው ከባሕሩ ሳይሆን፣ ወደ ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ በሙረይር ከነበረው የጉድጓድ ውኃ ላይ ነበር። ከዚያ ወደ ሰሜን በባሕሩ ዳር እንደ ጁመይል ያሉ ነዋሪዎቻቸው ጥለዋቸው የሄዱ መንደሮች ፍርስራሽ ይታያል።

ወደ ምዕራብ። የዱኻን አውራ ጎዳና ከትምህርት ከተማው አጠገብ ስለሚያልፍ ለአብዛኞቻችን የቀረበው ይህ ነው። መጀመሪያ የምናገኛት አልሸሃኒያ የግመል እሽቅድድም አገር ናት። ቀድሞ በግመሎቹ ላይ የሚቀመጡት ከድኻ አገሮች የመጡ ሕፃናት ነበሩ፤ ይህ በ2005 በሕግ ተከልክሎ በምትካቸው ትንንሽ ሮቦቶች እንዲጫኑ ተደርጓል። ግመሎቹን የሚያሠለጥኑት ሰዎች የሚወጡት ጎሕ ሳይቀድ ነው፤ የሰዓቱን ትርጉም ለመረዳት ከእነርሱ የተሻለ መምህር የለም።

ከዚያ አልፎ በዘክሪት በኩል፣ በብሩቅ ጥብቅ ቦታ፣ አሜሪካዊው ቀራፂ ሪቻርድ ሴራ በ2014 ያቆማቸው አራት የብረት ሰሌዳዎች አሉ። ከ14 እስከ 17 ሜትር ገደማ የሚደርስ ቁመት አላቸው፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ መስመር ተራርቀው ቆመዋል። መሬቱ ዝቅና ከፍ ቢልም ራስ ለራስ እኩል እንዲሆኑ ስለተለኩ፣ ሜዳ ነው ብለን ያለፍነው ምድር በእውነት ሜዳ አለመሆኑን በዓይን ያሳያሉ።

በመጨረሻ ዱኻን ይደረሳል። የሉል ንግድ ጃፓኖች ባረቡት ሉልና በ1930ዎቹ የዓለም የኢኮኖሚ ድቀት ምክንያት በወደቀ ጊዜ ይህ አገር በረሃብ ተመትቶ ነበር። በ1938 በዱኻን ቁፋሮ ተጀመረ፤ በ1939 መጨረሻና በ1940 መጀመሪያ ላይ ዘይት ተገኘ፤ ጦርነቱ ሥራውን አቋርጦት የመጀመሪያው ዘይት ወደ ውጭ የተጫነው በ1949 መጨረሻ በዛሬው መሰኢድ ወደብ ነው። ዛሬ የምናየው መንገድ፣ ሕንፃና ዩኒቨርሲቲ ሁሉ መነሻው ይህ ነው።

ወደ ደቡብ። የሳልዋ መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አቡ ሳምራ ከሚባለው የሳዑዲ ወሰን ያደርሳል። በሰኔ 2017 ጎረቤቶቹ አገሮች ግንኙነታቸውን ሲያቋርጡ ይህ በር ተዘጋ። ብዙ የምግብ ዕቃ በዚህ በኩል ይገባ ስለነበር አገሩ ፊቱን ወደ ባሕርና ወደ አየር አዞረ፤ የወተት ላሞች ሳይቀሩ በአውሮፕላን ተጓጓዙ። በሩ የተከፈተው በጥር 2021 ነው። ሌላው የደቡብ መንገድ በአልወክራና በመሰኢድ አድርጎ ወደ ኾር አልኡደይድ፣ ማለትም ባሕሩ በአሸዋው ክምር መካከል ሰርጎ ወደገባበት ስፍራ ይወስዳል። አስፋልቱ ግን ከመሰኢድ አልፎ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው አሸዋ ብቻ ነው፤ ፎር ዊል መኪናና አሸዋ መንዳት የለመደ ሹፌር ከሌለ አይኬድም።

ሙቀቱ እንዴት ይሠራል?

በዶሃ በሐምሌ ወር የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ከ41 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ነው፤ በሐምሌ 2010 ደግሞ 50.4 ዲግሪ ተመዝግቧል። ነገር ግን ቁጥሩን ብቻ ማየት ያሳስታል።

የሰው አካል የውስጥ ሙቀቱ 37 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን የቆዳው ከዚያ ዝቅ ይላል። አየሩ ከቆዳችን የቀዘቀዘ ሲሆን ሙቀት ከእኛ ወደ አየሩ ይሄዳል። አየሩ ከቆዳችን ሲሞቅ ግን ነገሩ ይገለበጥና ሙቀት ከአየሩ ወደ እኛ ይገባል። ያን ጊዜ የሚቀረን መከላከያ ላብ ብቻ ነው። ላብ የሚያቀዘቅዘው በመውጣቱ ሳይሆን በመትነኑ ነው። አየሩ በእርጥበት የተሞላ ከሆነ ላቡ አይተንም፤ ተንጠባጥቦ ይወርዳል፤ አካላችን ውኃውንና ጨውን ያጣል፣ ቅዝቃዜውን ግን አያገኝም።

በሰኔና በሐምሌ ብዙውን ጊዜ ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ አቧራ ይዞ ይመጣል፤ ዓይን ይጋርዳል፤ ላብን ግን ያደርቃል። ነፋሱ ሲያርፍና የባሕሩ እንፋሎት ሲነሣ፣ በተለይም ወደ ነሐሴና መስከረም፣ ቴርሞሜትሩ ዝቅ ብሎ ሳለ አደጋው ከፍ ይላል። «ዛሬ 35 ብቻ ነው» ብሎ በሌሊት መሮጥ የሚጎዳው ለዚህ ነው።

ለዚህ ከአትሌቶቻችን የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። በመስከረም 2019 በዶሃ በተደረገው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል በእኩለ ሌሊት፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ተጀመረ። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ፣ እርጥበቱም ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከተነሡት 68 ሯጮች 28ቱ አልጨረሱም። ከእነዚህም መካከል ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጄና ሹሬ ደምሴ፣ ማለትም ሦስቱም የእኛ ሯጮች ነበሩ። ከሳምንት በኋላ የወንዶቹ ማራቶን በዚያው የባሕር ዳር መንገድ በዚያው ሰዓት ተደረገ፤ ነገር ግን አየሩ ከ30 ዲግሪ በታች፣ እርጥበቱም ወደ 50 በመቶ ወርዶ ነበር። ሌሊሳ ዴሲሳ አንደኛ፣ ሞስነት ገረመው ሁለተኛ ወጡ። ከአንዱ ሳምንት ወደ ሌላው የኢትዮጵያውያን ጉልበት አልተለወጠም፤ የተለወጠው አየሩ ነው። በዓለም የታወቁ ሯጮችን በእኩለ ሌሊት ያቆመ አየር፣ አሥር ወር በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ የከረመን ተማሪ በእኩለ ቀን ያከብረዋል ብሎ መገመት ከየዋህነት ያለፈ ነው።

የሙቀት ጉዳት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ብዙ ላብ፣ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የጡንቻ መኮማተርና ማቅለሽለሽ ይመጣል። ይህ ሲታይ ወደ ጥላ ገብቶ ማረፍ፣ ውኃ ከትንሽ ጨው ጋር መጠጣት ያስፈልጋል። ሰውየው ንግግሩ ከተምታታ፣ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ወይም ከወደቀ ግን የአካሉ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ደርሶ ሊሆን ስለሚችል የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። በዚያኑ ጊዜ 999 መደወል፤ እስኪመጡም ልብሱን አላልቶ ውኃ እያፈሰሱ ማራገብ፣ በረዶ ካለ በአንገቱ፣ በብብቱና በብሽሽቱ ማድረግ ይገባል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውኃ መጋት ሊያንቀው ስለሚችል ክልክል ነው።

የተጓዥ ጥንቃቄ

የአገራችን ሲራራ ነጋዴ ወደ ቆላ ሲወርድ በሌሊት ተነሥቶ፣ ፀሐይ ስትከር ጭነቱን አራግፎ፣ ሲበርድ እንደገና ይጭን ነበር። ሥርዓቱ ዛሬም ይሠራል። በሰኔ ወር በዶሃ ፀሐይ የምትወጣው 11 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ስለሆነም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ በማለዳ ብርሃን ዘክሪትን ወይም አልዙባራን አይቶ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወደ ከተማ መመለስ ይቻላል። አገሩ ትንሽ በመሆኑ ይህ የሚያስቸግር አይደለም።

ከአስፋልት መውጣት የሚያስፈልግ ከሆነ በአንድ መኪና አይኬድ፤ ሁለት ይሁኑ። የሚሄዱበትንና የሚመለሱበትን ሰዓት ለሚቀር ሰው ይንገሩ። ለእያንዳንዱ ሰው ከሚጠጣው ሌላ ትርፍ ውኃ በጀሪካን ይያዝ፤ መኪና ቢበላሽ ያ ትርፍ ውኃ ነው ጊዜ የሚገዛው። ጎማ በጋለ አስፋልት ላይ በፍጥነት ሲሄድ ይሞቃል፤ ያረጀ ወይም ነፋሱ የጎደለ ጎማ ይፈነዳል። ስለዚህ ከመነሣት በፊት አራቱንም ጎማዎችና ስኮርቱን፣ ክሪኩን፣ የራዲያተሩን ውኃ መመርመር ግዴታ ነው። የጋለ ራዲያተር ክዳን ፈጽሞ አይከፈት። ለስንቅ ቶሎ የሚበላሽ ነገር አይያዝ፤ በሶና ቆሎ ይበቃሉ፤ በሶውም ትንሽ ጨው ጨምሮ በውኃ ሲበጠበጥ የሚያበረታ መጠጥ ነው።

በባሕር አጠገብ ያለው ዝቅተኛ መሬት ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ሰብኻ» ይሉታል፤ ላዩ ጨው ጋግሮት እንደ ሊሾ ጠንካራና ለጥ ያለ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ጭቃ ነው። ከአሸዋ ይልቅ ብዙ መኪና የሚቀረቀረው በዚህ ነው። የሌላ መኪና ዱካ የሌለበት ነጭ ሜዳ ካያችሁ አትግቡበት። መኪና ቢቆምባችሁም ጥሎ በእግር መሄድ አይገባም፤ የመኪናው ጥላ ከሜዳው ይሻላል፤ ፈላጊም ቶሎ የሚያየው መኪናውን ነው። ሣርና ዛፍ ባለበት ረውዳ ላይ መንዳት ደግሞ የአገሩን ጥቂት አረንጓዴ መጨፍለቅ ነው፤ ዕፅዋትን ከጥፋት ለመጠበቅ በ1995 የወጣ ሕግም አለ።

በመንገዱ ዳር ያሉት

እስካሁን የተናገርነው በፈቃዱ ስለሚጓዝ ሰው ነው። በመንገዱ ላይ ግን ሰዓቱን ያልመረጠ ብዙ ሰው አለ። ከኳታር ወደ 3 ሚሊዮን ከሚጠጋ ሕዝብ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ከውጭ አገር ለሥራ የመጣ ነው። ይህን አስፋልት ያነጠፈው፣ ድልድዩን ያቆመው፣ በመንገዱ አካፋይ ላይ ያለውን ዛፍ የሚያጠጣው ላብ አደር ነው። ከእነርሱ መካከል በጥበቃ፣ በሾፌርነት፣ በጽዳትና በተለይም በቤት ሠራተኛነት የሚሠሩ የአገራችን ልጆች አሉ። እኛ በማቀዝቀዣ ውስጥ ሆነን በመስኮት የምናየውን ሙቀት እነርሱ በቆዳቸው ያዩታል።

ይህን ለማረም የወጡ ሕጎች አሉና ማወቅ ያስፈልጋል። በ2007 በወጣው ደንብ ከሰኔ 15 እስከ ነሐሴ 31 ድረስ፣ በፈረንጅ ወር አቆጣጠር፣ ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት በፀሐይ ላይ ማሠራት ተከልክሎ ነበር። በ2019 በሠራተኞች ላይ የተደረገው የሙቀት ጥናት ይህ እንደማይበቃ ስላሳየ፣ በ2021 አዲስ ደንብ ወጣ። አሁን ክልከላው በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ መስከረም 5፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ነው። ከዚህም በላይ ሙቀትን፣ እርጥበትን፣ ፀሐይንና ነፋስን አንድ ላይ የሚለካው መለኪያ ከ32.1 ዲግሪ ካለፈ፣ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን ሥራ መቆም አለበት። ከላይ ስለ እርጥበት ያስረዳነው ነገር ከሕጉ የገባው በዚህ መንገድ ነው።

የቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በተለየ ሕግ ነው። በ2017 የወጣው ሕግ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ፣ በሳምንትም 24 ሰዓት ያልተቋረጠ የዕረፍት ቀን እንዲያገኙ ይደነግጋል። ሕጉ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ በግቢ ውስጥ ያለችው እኅታችን ማወቋ ሌላ ነገር ነው፤ አውቃም መጠየቅ መቻሏ ሦስተኛ ነገር ነው። ሕግ ወጥቷልና ችግሩ አልቋል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ያልታወቀ ሕግ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ከላይ ከተዘረዘረው ሦስት መደምደሚያዎች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ሕጉ ለአካፋ ሠራተኛ የከለከለውን ሰዓት እኛ ለሽርሽር መምረጣችን ትርጉም የለውም። በማኅበራችን ስም የሚደረግ የክረምት ጉዞ ሁሉ በሌሊት ተጀምሮ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት በከተማ እንዲያበቃ ሐሳብ እናቀርባለን። ኾር አልኡደይድና ሌላው ከአስፋልት ውጭ ያለው ጉዞ እስከ ኅዳር ይቆይ። አዲስ የመጡ ተማሪዎችም ቢያንስ ሁለት ሳምንት አየሩን ሳይለምዱ በሜዳ ጉዞ አይሳተፉ።

ሁለተኛ፣ መኪና ውስጥ የሚጫነው በረዶና ውኃ ለእኛ ብቻ አይሁን። በመንገድ ዳር ለሚያገኙት ሠራተኛ ቀዝቃዛ ውኃ መስጠት ምጽዋት ሳይሆን የመንገድ ወግ ነው፤ በአገራችንም መንገደኛ ውኃ ሲለምን እምቢ አይባልም። የሙቀት ምልክቶቹን ያወቀ ተማሪ የሚንገዳገድ ሠራተኛ ሲያይ ዝም ብሎ አይለፍ፤ ያቁም፣ ጥላ ያስገባ፣ 999 ይደውል።

ሦስተኛ፣ ትምህርታችን ዐረብኛና እንግሊዝኛ ማንበብ አስችሎናል። ስለ ሙቀት ሰዓትና ስለ ዕረፍት ቀን የተደነገገውን በአንድ ገጽ ግልጽ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ አዘጋጅተን፣ ዐርብ ዐርብ ወገኖቻችን በሚገናኙበት ቦታ ማደል ከአቅማችን በላይ አይደለም። ማንበብ ለማትችል እኅት ደግሞ በስልክ ድምፅ ቀድቶ መላክ ይቻላል። የዕረፍት ቀኗን ያገኘች ደግሞ ከእኛ ጋር ሜዳውን ልታይ ትምጣ፤ በመኪናችን ውስጥ አንድ ወንበር ለእርሷ ይያዝ።

በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ሱሄይል የሚባለው ኮከብ በንጋት በደቡብ ሰማይ ሲታይ የዚህ አገር ሰዎች የሙቀቱ ጉልበት መሰበር ጀመረ ይላሉ። እስከዚያ ድረስ ያሉት ሳምንታት ረጅም ናቸው። ሜዳው የትም አይሄድም፤ መንገዱም ቅርብ ነው። ሌሊት የተነሣ ተጓዥ ሁሉን አይቶ ይመለሳል፤ ዋናውም ነገር አብረው የሄዱት ሁሉ አብረው መመለሳቸው ነው።